በረንዳ ላይ ለሚያጨሱት አባወራ የቀረበ ውዳሴ

በአገራችን የምስጋናና የሽልማት መድረክ እየበዛ መጥቷል፤ ታማኝ ግብር ከፋይ ዋንጫ ይቀበላል፣ ሞዴል አርሶ አደር ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፣ አንድ ቀን መጥረጊያ ይዞ ፎቶ የተነሣ የወረዳ ኃላፊም ቢሆን የምስክር ወረቀት አያጣም። ከእነዚህ መድረኮች በአንዱም ላይ ስማቸው ተጠርቶ የማያውቅ አንድ ባለውለታ ግን አሉ። እርሳቸውም ለልጆቻቸው ጤና ሲሉ ከሞቀ ሶፋቸው ተነሥተው፣ ነጠላ ጫማቸውን ተጫምተው፣ በረንዳ ላይ ወጥተው ሲጋራቸውን የሚያጨሱት ክቡር አባወራ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸው የዘገየ ውለታ መክፈያ ይሁንልኝ።

ክቡርነታቸው መሥዋዕትነቱን እንዴት እንደሚከፍሉ በቅርበት ያየ ሰው ዓይኑ እንባ ያቀርራል። የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ሁለት ሰው አያስተላልፍም፤ በዚያችው ላይ የከሰል ማዳበሪያ፣ የውሃ በርሜልና የሕፃኑ ልብስ የተሰጣበት ገመድ አሉ። አባወራው በተረፈችው ቦታ ቆመው በሩን ገርበብ ያደርጉታል እንጂ አይዘጉትም፤ የአርሰናል ጨዋታ ገና 70ኛው ደቂቃ ላይ ነውና። ስለዚህ አንገታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ፣ እጃቸው ወደ ጎዳናው ይሆናል። ጭሱን በጥንቃቄ ወደ ውጭ ይለቁታል፤ ነፋሱም ተቀብሎ በገመዱ ላይ በተሰጣው የሕፃኑ ቱታ በኩል አሳልፎ ወደ ሳሎን ይመልሰዋል። ጢስ መውጫ አያጣም ይባል የለ? መግቢያም አጥቶ አያውቅም። ጨዋታው ሲያልቅ ክቡርነታቸው ትንፋሻቸው ሳይጠራ፣ ሸሚዛቸውም ሳይናፈስ ገብተው የሁለት ዓመት ልጃቸውን አንሥተው ያቅፋሉ። ከዚያም ለጎረቤታቸው «እኔ እኮ ልጆች ባሉበት አላጨስም» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ድምፃቸው የሚሞላውን የኅሊና ዕረፍት ለመግለጽ የእኔ ብዕር አቅም ያንሰዋል።

በእርግጥ ከእርሳቸው በፊት የነበረው አጫሽ ይህን ያህል አልሠለጠነም ነበር። ሳሎን መሐል ተቀምጦ፣ የስኒ ማስቀመጫውን መተርኮሻ አድርጎ፣ በዳዴ የሚሄደውን ልጅ ከአመዱ በእግሩ እየመለሰ ያጨስ ነበር። ይህ ጥንታዊ ሥርዓት ዛሬም በእንግዳ ቀን ይታደሳል። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ሲጋራውን የለኮሰን ሰው «እባክህ ውጭ» ማለት ነውር ስለሆነ፣ ይሉኝታ የሚባለው ታላቁ የቤት ሕግ ከልጁ ሳንባም ከልጁ ጥርስም ይቀድማል። የቤቱ እመቤት የምትችለው ዕጣን ማጨስ ብቻ ነው፤ በጭስ ላይ ጭስ ጨምራ ሽታውን ታሸንፋለች፤ ቤተሰቡም አየሩ ጠራ ብሎ ይስማማል።

አንዳንድ ምቀኞች ግን የክቡርነታቸውን መሥዋዕትነት በቁጥር ሊያኮስሱት ይሞክራሉ። በጃፓኗ ኮቤ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2010 የተወለዱ 76,920 ሕፃናት የጤና መዝገብ ተመርምሮ ውጤቱ በ2015 ታትሟል። ልጆቹ የ4 ወር ሕፃናት ሳሉ በቤታቸው የሚያጨስ ሰው መኖር አለመኖሩ ተመዘገበ፤ ከዚያም እስከ 3 ዓመታቸው ድረስ የወተት ጥርሳቸው ተበልቶ እንደሆነ ክትትል ተደረገ። አጫሽ በሌለበት ቤት ካደጉት መካከል ጥርሳቸው የተበላው 14 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ለጭሱ በቀጥታ በተጋለጡት ዘንድ ቁጥሩ 27.6 በመቶ ደርሷል። እስከዚህ ድረስ ክቡርነታቸውን የሚነካ ነገር የለም። ምቀኞቹ ጣታቸውን የሚቀስሩት መሐል ላይ ባለችው ቁጥር ነው፤ በቤቱ አጫሽ እያለ ሕፃኑ ግን ለጭሱ መጋለጡ ባልታየባቸው ቤተሰቦች፣ ማለትም እንደ እርሳቸው ያሉ ጨዋ አጫሾች በሚኖሩባቸው ቤቶች፣ ጥርሳቸው የተበላ ልጆች 20 በመቶ ሆነው ተገኙ። ሌሎቹ ልዩነቶች ታስበው ሲሰላም የእነዚህ ልጆች አደጋ አጫሽ በሌለበት ቤት ካደጉት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ሆነ። እኔ ይህን የማነበው በተቃራኒው ነው። በረንዳው ቁጥሩን ከ27.6 ወደ 20 አውርዷል፤ ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ የተረፈችውን ስድስት በመቶ ደግሞ ልጁ ራሱ በመንጋጋው ይቻላት።

ክቡርነታቸው በቁጥር የሚደነግጡ ሰው አይደሉም። ነጭ ሽንኩርት የደም ግፊት ያድናል ሲባሉ ማን አጠናው ብለው ጠይቀው የማያውቁት እኒህ ሰው፣ ስለ ሲጋራ ጭስ ሲነሣ የምርምር ዘዴ ሊቅ ይሆናሉ። «ይህ ተዛምዶ እንጂ ምክንያትነቱን የሚያረጋግጥ አይደለም» ይላሉ፤ ልክም ናቸው፣ አጥኚዎቹም ጥናታቸው ብቻውን ያን እንደማያረጋግጥ አልደበቁም። ሌላ ማስረጃ ብትጨምሩላቸውም ከውስጡ የሚጠቅማቸውን መርጠው ማውጣት ያውቁበታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ከ4 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን ከ3,500 በላይ ልጆች ደም መርምሮ፣ ኒኮቲን በሰውነት ውስጥ ተሰባብሮ የሚተወው ኮቲኒን የተባለ ቅሪት ከፍ ብሎ በተገኘባቸው ልጆች ዘንድ የወተት ጥርስ የመበላት ዕድሉ ወደ እጥፍ የተጠጋ መሆኑን አሳይቷል። በቋሚ ጥርስ ላይ ግን ያው ዝምድና አልታየም። ክቡርነታቸው ከጽሑፉ ሁሉ ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ነጥለው በቃላቸው ይዘዋታል። «የወተት ጥርስ መቼስ መውደቁ አይቀርም!»

እውነት ነው፣ ይወድቃል። ሃያዎቹም ይወድቃሉ፤ የኋለኞቹ ግን እስከ 10 እና 12 ዓመት ድረስ እዚያው ቆይተው እንዲያኝኩና ለቋሚዎቹ ቦታ እንዲጠብቁ የታሰቡ ናቸው። ሽፋናቸው ከቋሚ ጥርስ የሳሳ በመሆኑ መበላት ከጀመሩ አይዘገዩም፤ መግል ከያዙም ከሥር የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊያበላሹት ይችላሉ። ልጁ ሌሊት ጉንጩን ይዞ ሲያለቅስ አባት ተነሥተው «አይዞህ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይወድቃል» ብለው ያጽናኑታል። እርሳቸውም ጭንቀቱ ሲበረታባቸው ወደ በረንዳ ይወጣሉ፤ እንዲህ ያለ አባት ሲጋራ ባያጨስ ማን ሊያጨስ ነው?

ጭሱ ጥርስን በምን መንገድ ይጎዳል የሚለው ጥያቄ ላይ ተመራማሪዎች ከአንድ በላይ በር ያሳያሉ። ጥርስ የሚበላው ባክቴሪያ በቤተ ሙከራ ኒኮቲን ሲቀርብለት እንደሚበረታ ታይቷል። ጭስ የሚያፍነው ልጅ አፍንጫው ተዘግቶ በአፉ ሲተነፍስ ያድራል፤ አፉ ይደርቃል፤ አሲዱን የሚያጥበውና ጥርሱን የሚጠግነው ምራቅም ያንሳል። ክቡርነታቸው በዚህ ላይ አስተያየት ሲጠየቁ «ይሄ ልጅ ጉንፋን ይወዳል» የሚል መልስ ሰጥተዋል።

የውበቱ ነገርም መረሳት የለበትም። አያቶቻችን ድዳቸውን ለመነቀስ የመርፌውን ሥቃይ ችለዋል፤ ድድ ሲጠቁር ጥርስ ነጥቶ ይታያልና። በጃፓን የተደረገ ሌላ ጥናት ወላጆቻቸው በሚያጨሱ ልጆች ድድ ላይ ጥቁረት በብዛት መታየቱን ዘግቧል። እንግዲህ ክቡርነታቸው ልጃቸውን ያለ መርፌ፣ ያለ ነቃሽ፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ክፍያ እየነቀሱት ነው። አንዲት ጉድለት ብቻ አለች፤ የንቅሳቱ ጥቅም ጥርሱን ማድመቅ ነበር፣ እንዲደምቅ የታሰበው ጥርስ ግን አስቀድሞ ተበልቷል።

በሕግም በኩል ቢሆን ክቡርነታቸው አይነኬ ናቸው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚገለገልባቸውና በሥራ ቦታዎች የውስጥ ክፍሎች ማጨስን ከልክሎ፣ ከበርና ከመስኮታቸውም በ10 ሜትር ርቀት ውስጥ ማንም እንዳይለኩስ ደንግጓል። የባንክ ገንዘብ ከፋይዋ 10 ሜትሯ ይከበርላታል፤ የሁለት ዓመቱ ልጅ ግን የባንክ ሠራተኛ ስላልሆነ ከአባቱ ሲጋራ የሚለየው ገርበብ ያለው በር ብቻ ነው። ይኸው አዋጅ ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። ክቡርነታቸው ለዚህም መፍትሔ አላቸው፤ «አንተ ልጅ፣ ሮጠህ ሁለት ፍሬ ሲጋራ አምጣልኝ» ተብሎ ወደ ሱቅ የሚላከው ስድስት ዓመት የሞላው ታላቁ ልጅ ነው፤ እርሱ ደግሞ ገዢ ሳይሆን መልእክተኛ ነው። ባለሱቁም ዝርዝር ያጣ እንደሆነ መልሱን በከረሜላ ይከፍለዋል። ልጁ በአንድ እጁ የአባቱን ሲጋራ፣ በሌላው የራሱን ከረሜላ ይዞ ደረጃውን ሲወጣ ያየ የጥርስ ሐኪም ቢኖር የገበያውን ቅልጥፍና ባደነቀ ነበር።

የዚህች ከረሜላ ጥቅም በኋላ ይገለጣል። ልጁ ጉንጩ አብጦ ክሊኒክ ሲወሰድ ጥፋተኛው አስቀድሞ ታውቋል፤ እናቱ ናት። «ከረሜላ አትስጪው ብዬሽ ነበር» ይሏታል ክቡርነታቸው፣ በባለሙያው ፊት፣ በሐዘን ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጣፋጭ ዋነኛው ጥፋተኛ መሆኑን የሚክድ የለም፤ ብሩሽና የጥርስ ሳሙና የሌለበት ቤትም ጭስ ቢኖርም ባይኖርም ጥርስ ያስበላል። ነገር ግን ስኳሩ ተከሶ፣ እናት ተወቅሳ፣ ከረሜላ ከቤት ተባሮ፣ ጭሱ ብቻ እንደ ቤተሰብ አባል በነጻነት ሲመላለስ ማየት የክቡርነታቸውን የዳኝነት ችሎታ ይመሰክራል። አባቶች ጎምዛዛ ወይን በልተው የልጆች ጥርስ ጠረሰ የሚለውን ተረት ነቢዩ ሕዝቅኤል ከእንግዲህ እንዳይተረት ብሎ ነበር፤ ክቡርነታቸው ግን ከሞት አስነሥተው በየኮንዶሚኒየሙ ሥራ ላይ አውለውታል።

ይሁን እንጂ ልበ ደንዳና ናቸው እንዳይባል በቅርቡ በሽማግሌዎች ፊት ቃል ገብተዋል። የታላቁ ልጅ ቋሚ ጥርስ ማውጣት የጀመረ ዕለት፣ ያን ዕለት፣ ሲጋራውን እርግፍ አድርገው ይተዋሉ። ሽማግሌዎቹ አጨብጭበዋል፤ እናትም እልል ብላለች። የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች የሚወጡት ስድስት ዓመት አካባቢ፣ ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ፣ አንድም ጥርስ ሳይነቀልላቸው መሆኑን ለክቡርነታቸው የነገራቸው ሰው የለም። ታችኞቹ ሁለቱ ካለፈው ወር ጀምሮ ወጥተው እያኘኩ ነው፤ ክቡርነታቸው ግን በየማለዳው የልጁን የፊት ጥርስ በጣታቸው ነቅነቅ አድርገው «ገና ነው» ይሉና ወደ በረንዳቸው ይወጣሉ።