የመባ መልስ

ባለፈው እሑድ የመባ ከረጢቱ ዞሮ ዞሮ አጠገቤ የተቀመጠው ወንድም ጋ ደረሰ። ወፈር ያለች ኖት አውጥቶ ከተተ። በልቤ "ጎበዝ!" አልኩ። እጁ ግን ከከረጢቱ አልወጣም። ወደ ውስጥ እያየ ዝርዝር ይለቅማል። መልስ እየወሰደ ነው! ከፈጣሪ ላይ መልስ!

እኔ ምን አገባኝ? ጸሎት ላይ ስለነበርን ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ። ግን ጌታም በመዝገቡ አንጻር ተቀምጦ ሕዝቡ ገንዘብ ሲጥል ያይ ነበር፤ ማርቆስ 12 ላይ አለ። እሱ ሁለት ናስ የጣለችውን መበለት አየ። እኔ የሰውዬውን ጣቶች።

በነገራችን ላይ፣ ሚሽና የሚባለው ጥንታዊ የአይሁድ የሕግ መጽሐፍ እንደሚለው በቤተ መቅደሱ 13 የገንዘብ ሣጥኖች ነበሩ፤ ቅርጻቸውም እንደ ቀንደ መለከት። "ምጽዋት ስታደርግ መለከት አታስነፋ" የሚለውን ሳነብ እነሱ ትዝ ይሉኛል። እኛ ዘንድ መለከት የለም። ማይክ አለ። "ወንድማችን እገሌ ይህን ያህል! እስቲ እልል በሉለት!" ቀኝ እጅ የሰጠችውን ግራ እንዳታውቅ ታዘናል፤ ግራ እጃችን ግን ስልክ ይዛ ቪዲዮ ትቀርጻለች። ስሙ ሳይጠራ የቀረ ሰውማ ኩርፊያው አይጣል ነው። ሦስት ሳምንት የቀረ አውቃለሁ። (እኔ ነኝ። የሰጠሁትን በሌላ ሰው ስም አነበቡት። ይለፈን።)

የልብሱ ነገር ግን አያስቀኝም። "ለተቸገሩ" ተብሎ ሲሰበሰብ ማዳበሪያውን ፈትቼ አውቃለሁ። ዚፑ የተበጠሰ ሱሪ። ብብቱ የተቀደደ ሹራብ። አንድ እግር ጫማ። አንድ እግር! ለማን ታስቦ ነው? ይሄ ቁም ሣጥን ማጽዳት እንጂ መስጠት አይደለም። ለቆሻሻ መጣያው የሚያፍሩበትን ለሰው! የመቄዶንያ ምእመናን እኮ ራሳቸው በድህነት ደቀው ሳለ "እኛም እንርዳ" ብለው ጳውሎስን ለምነዋል።

"ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለውን ተረት በጣም እወደዋለሁ። እኛ ዘንድ አርባ ዘጠኙ ጌጥ ሆነው ይቀመጡና አንዱ ይሸከማል። ታውቁታላችሁ፤ ወንበር የሚደረድረው እሱ፣ የታመመ የሚጠይቀው እሱ፣ በመጨረሻ በሩን የሚቆልፈውም እሱ። አንድ ቀን ደክሞት ከቀረ "መንፈሱ ቀዝቅዟል" እንለዋለን። ከዚያ እንጸልይለታለን። ወንበሩን የሚያነሳለት ግን የለም።

ስለ መስጠት ከተነሳ፣ አንድ ወንድም ከሰባት ዓመት በፊት መጽሐፍ አውሶኝ... አይደለም፣ እኔ ነኝ ያዋስኩት። ስለ ልግስና ነው መጽሐፉ። እስከ ዛሬ አልመለሰም። ይባስ ብሎ እሱን ይዞ ያስተምራል። ባለፈው "በልግስና መጽናት" ብሎ ሲገልጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን አየሁት። በራሴ እጅ ጽሑፍ! "አሜን" አልኩ። ምን ልበል?

እና ሰውዬው... አዎ፣ መልስ የወሰደው። ምናልባት ወደ ቤት ለመመለሻ ዝርዝር አጥቶ ይሆናል። የከተተው ከወሰደው ይበልጣል፤ ቆጥሬለታለሁ። ቆጠራው ላይ ሳለሁ ነው ከረጢቱ እኔ ጋ የደረሰው። ምንም ሳልከትበት አሳለፍኩት።