የፍሬይልቲ ሞዴል ግራፍ የማንን ኩርባ ያሳይ? (ክርክር)

የክርክሩ መነሻ ማክጊልክሪስትና አይስቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ያሳተሙት የ38 የኩላሊት ታካሚዎች መረጃ ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ የኩላሊት እጥበት ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ሁለት ጊዜ ገብቶለት ኢንፌክሽን እስኪይዘው የቆየባቸው ቀናት ተመዝግበዋል፤ ካቴተሩ በሌላ ምክንያት ከወጣ ክትትሉ እንደተቋረጠ ይቆጠራል። ፍሬይልቲ የእያንዳንዱን ታካሚ ያልተለካ ተጋላጭነት የሚወክል፣ አማካዩ 1 የሆነ የሃዛርድ ማባዣ ነው፤ ሃዛርድ ደግሞ እስከዚያ ሳይያዝ የቆየ ሰው በየቅጽበቱ የመያዝ አደጋው ነው። ዕድሜንና ፆታን ብቻ የያዘ፣ ፍሬይልቲው ጋማ የተባለውን ሥርጭት የሚከተል የኮክስ ሞዴል (ሃዛርድን ከታካሚው ባሕርያት ጋር የሚያያይዝ ሞዴል) የፍሬይልቲውን ቫሪያንስ (በታካሚዎች መካከል ያለውን የልዩነት መጠን) 0.41፣ የሴቶችን ሃዛርድ ደግሞ የወንዶቹን አንድ አምስተኛ ያህል አድርጎ ይገምታል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦ ከእንዲህ ዓይነት ሞዴል አዘውትሮ የሚሳለው፣ ከኢንፌክሽን ነፃ የመሆን ዕድልን በጊዜ ሂደት የሚያሳየው ኩርባ ፍሬይልቲው 1 ለሆነ ታካሚ ብቻ የሚሠራ ሆኖ ሳለ፣ አንባቢው የወንዶች ወይም የሴቶች አማካይ አድርጎ ያነበዋል። የወንዶች ድምር ሃዛርድ (ፍሬይልቲው 1 ለሆነ ወንድ እስከዚያ ቀን የተጠራቀመው አደጋ) 2 በሚደርስበት ቀን፣ ፍሬይልቲው 1 የሆነ ወንድ ከኢንፌክሽን ነፃ የመሆን ዕድሉ 13.5 በመቶ ነው፤ በፍሬይልቲው ሥርጭት ላይ አማካዩ ሲወሰድ ግን ወደ 23 በመቶ ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው ተጋላጮቹ ቀድመው ስለሚያዙና በክትትሉ ውስጥ የሚቀሩት ጠንከር ያሉት ስለሆኑ ነው። የፆታው ልዩነትም እንዲሁ ይጠባል፤ ፍሬይልቲያቸው እኩል በሆኑ ሰዎች መካከል 0.20 የነበረው የሃዛርድ ንጽጽር፣ በዚያው ቀን በሕዝብ ደረጃ 0.32 ይሆናል። በጽሑፍ መታተም ያለበት አማካዩ ኩርባ ነው።

ሐኪሟ፦ ስሌትዎን አልቃወምም፤ ለአዲስ ታካሚም ሌላ የተሻለ ኩርባ የለም። ነገር ግን ይህ መረጃ የተሰበሰበው ሁለት ጊዜ ካቴተር ከገባላቸው ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ካቴተር በገባ ማግስት ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ፍሬይልቲው በዚሁ ሞዴል 1.4 አካባቢ ይገመታል፤ ድምር ሃዛርዱ 2 እስኪደርስ ሳይያዝ የቆየው ደግሞ 0.55 ገደማ ነው። ሁለተኛውን ካቴተር ሳስገባ ለሁለቱም አንድ አማካይ ኩርባ ካሳየኋቸው፣ ሞዴሉ የነገረኝን ሁሉ ጥዬ እንደ እንግዳ ቆጠርኳቸው ማለት ነው። ፍሬይልቲ ያስፈለገንስ ታካሚዎቹ እንደማይመሳሰሉ ስላወቅን አይደለምን?

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦ ከአንድ ካቴተር የተገኘ ግምት ስለ ራሱ ቁርጠኛ አይደለም፤ ግራፉ ላይ ግን ቀጭን መስመር ሆኖ እርግጠኛ ይመስላል። ከዚህም በላይ በዚህ መረጃ ውስጥ 21ኛው ታካሚ አለ፤ በ152 እና በ562 ቀናት የተያዘ፣ ፖሊሲስቲክ የኩላሊት በሽታ (ኩላሊት ውስጥ ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚበዙበት) ያለበት ወንድ ነው። ከሌሎቹ ወንዶች ጋር ሲነጻጸር እጅግ የዘገየ በመሆኑ የፍሬይልቲው ግምት በጣም ዝቅ ይላል። የበሽታው ዓይነት ወደ ሞዴሉ ሲገባ ደግሞ ቫሪያንሱ ከዜሮ የማይለይ ይሆናል፤ የእርስዎና የእኔ ኩርባዎችም አንድ ላይ ይገጥማሉ። በሞዴሉ ምርጫ እንዲህ የሚጠፋን ልዩነት ለታካሚ ማሳየት አልደፍርም።

ሐኪሟ፦ ይህ ክስ የእርስዎንም ኩርባ ይነካል፤ 23 በመቶ ያሉት ከዚያው 0.41 የተገኘ ነውና። እኔ የምጠይቀው ፍሬይልቲያቸው 0.5፣ 1 እና 1.4 ለሆኑ ሰዎች ሦስት ቀጫጭን መስመሮች ተስለው፣ አማካዩ በወፍራሙ እንዲደረብባቸው ነው። ድምር ሃዛርዱ 2 በሆነበት ቀን ሦስቱ 37፣ 13.5 እና 6 በመቶ ላይ ይቆማሉ፤ ስፋቱን አማካዩ ብቻውን አይነግረንም።

የስታቲስቲክስ ባለሙያው፦ ወፍራሙ መስመር መጀመሪያ ከመካከለኛው ጋር ይሄድና ቀስ በቀስ ወደ 0.5ቱ ያዘነብላል። ይህን የሚያይ አንባቢ የእያንዳንዱ ታካሚ አደጋ በጊዜ ብዛት እየቀነሰ እንደሚሄድ አድርጎ ቢረዳውስ?

ሐኪሟ፦ አማካዩን ብቻውን ሲያይም እንደዚያው ይረዳዋል፤ በእኔ ግራፍ ላይ ግን ቀጫጭኖቹ አጠገቡ ስላሉ የአንድም ሰው መስመር እንዳልተለወጠ ማየት ይችላል። ከግራፉ ሥር የትኛው መስመር የማን እንደሆነ ይጻፍ፤ የበሽታው ዓይነት የገባበት ሞዴል ውጤትም በዚያው ገጽ ጎን ለጎን ይሳል።