እርማት፦ የጅዳ ወበቅ ፀጉር አያለሰልስም
«ጅዳ አየሩ ራሱ ርጥብ ነው፣ ፀጉርሽን ቅባት አታስነኪው» ላልሽው እህቴ፦ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከወበቁ የሚመጣው ውሃ ፀጉር ውስጥ ሲገባ ያሳብጠዋል። ጥቅልሉ ይፈታና ይንጨባረራል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ የራስ ቆዳ ወዝ ይቀንሳል። በ20 ዓመትሽ ወበቁን የቻለው ፀጉር በ50 ላይችል ይችላል።

ቅባት ውሃ አይሰጥም፤ የውጭውን ውሃ ግን ያዘገየዋል። ስለዚህ ታጥበሽ ፀጉርሽ እርጥብ እያለ የማይታጠብ ኮንዲሽነር ቀቢ። ከላዩ ጥቂት ዘይት በመዳፍሽ አሽተሽ ከጫፉ ጀምሪ። ከዚያ እስኪደርቅ እጅሽን ሰብስቢ! በደረቁ ማበጠርማ ወበቁን ማገዝ ነው። ግሊሰሪን የበዛበት ቅባት በነሐሴ ይቅርብሽ፤ ከአየሩ ውሃ ይስባል። ቅቤስ? ይሠራል፣ ሽታውን የሚችል ካለ።