አብሲት እና ዋይፋይ

ጭልጥ ብሎ የጠፋ ኢንተርኔት ዕረፍት ነው፤ ላፕቶፕህን ከድነህ ቡናህን ትጠጣለህ። ሰው የሚያሳብደው ሄድ መጣ የሚለው ነው። የእኛ ግቢ ዋይፋይ አለቃዬ በስብሰባ መሀል «አንተስ ምን ትላለህ?» ሲለኝ ይሄዳል፤ «እሺ፣ እንለፈው» ሲል ይመጣል።

ዋይፋዩን የሚያድለው ራውተር የሚኖረው አከራዬ ሳሎን፣ ብፌው ላይ፣ ከልጃቸው የምርቃት ፎቶ ጎን ነው። ዳንቴል ለብሷል። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ይግላል፤ ቢገለጥስ?» አልኳቸው። «ታዲያ አቧራ ይብላው?» አሉና ዳንቴሉን አስተካከሉለት።

ወሬው ሲሰማ ግቢው በሙሉ መሐንዲስ ሆነ። የጥግ ቤቷ ተማሪ «አጥፍተህ አብራው» አለችኝ። እሱስ በራሱ ጊዜ መች ከመጥፋትና ከመብራት ቦዘነ? የእትዬ ወንድም ጋሼ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከጎኔ ያለውን ተከራይ በአገጫቸው አሳዩኝ፤ «ፊልም እያወረደ እሱ ነው የሚጨርስብህ።» (በመኪና ማቆሚያ የተነሳ እንደተኳረፉ ግቢው ሁሉ ያውቃል።) ቃላቸውን ሰምቼ ፓስወርዱን ቀየርኩ። ማታ በሬ ተንኳኳ። ጋሼ ናቸው፤ «አዲሱን ንገረኝ እስቲ።» ከኋላቸው የባለሱቁ ልጅ ስልኩን ይዞ ቆሟል። ባለሱቁ እኛ ግቢ አይኖርም።

አንድ ረቡዕ ግን ሰውን ትቼ ኮምፒውተሩን ልጠይቅ ብዬ ሁለት ጥቁር መስኮት ከፈትኩ። በአንዱ ራውተሩን 192.168.1.1 ብዬ፣ በሌላው ውጭ ያለውን የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8 ብዬ ሳላቋርጥ ፒንግ አደርጋለሁ፤ «አለህ?» እያሉ መልስ መጠበቅ ማለት ነው። ራውተሩ እየመለሰ የውጩ ዝም ካለ ጥፋቱ ከመስመሩ ነው፤ ሁለቱም እኩል ዝም ካሉ ሌባው ከቤት ነው። ረፋዱ ላይ ሁለቱም ዝም። ቀና ስል አምፖሉ ፈዟል። ላፕቶፔ ባትሪ ስላለው ምንም አልመሰለው። ሮጬ ሳሎን ገባሁ፤ ራውተሩ ከዳንቴሉ ሥር መብራቶቹን አጥፍቶ እንደ አዲስ አንድ በአንድ እያበራ ነው። ከማድ ቤት የጎመን ዘር ማሰሻ ይሸታል።

ምጣድ! 3,500 ዋት ያህል የሚጎትት ምጣድ፣ በዚያ በአሮጌው የግቢ ሽቦ። እትዬ ሲግል ያጠፉታል፣ ሲበርድ ያበሩታል፤ ባበሩት ቁጥር መብራቱ አቅም ያጣና ራውተሩ ራሱን ይስታል። ነፍሱ እስኪመለስ ሦስት ደቂቃ። የመብራቱን ከፍ ዝቅ የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ቤቱ ውስጥ አለ፤ የፍሪጁ ነው። «ራውተሩንም እሱ ላይ ብንሰካው?» ብል፣ «ሥጋው ቢበላሽብኝስ?» አሉኝ። ይህን ስንነጋገር ደግሞ እጄ ላይ ራሳቸው ያቀበሉኝ ትኩስ እንጀራ በአዋዜ ነበር። በዚያ አፍ ክስ አይመሠረትም።

አሁን ስብሰባ ሲጠሩኝ መጀመሪያ ማድ ቤት ብቅ እላለሁ።

«እትዬ፣ አብሲት ተጥሏል?»

«አሁን መጣሌ ነው።»

«መቼ ይደርሳል?»

የቡሃቃውን ክዳን ገለጥ ያደርጋሉ። «እስከ አምስት ሰዓት ኩፍ ይላል።»

ለአለቃዬ እጽፋለሁ፦ «እስከ 5 ሰዓት እመቻለሁ።»