አየንዴን የገደሏቸው ወታደሮቹ አይደሉም

ወንድሜ፣ «የቺሊውን ፕሬዚዳንት ሳልቫዶር አየንዴን የፒኖቼ ወታደሮች ቤተ መንግሥት ገብተው ረሸኗቸው» ብለህ ጽፈሃል። ብዙ ሰው የሚያውቀው እንዲህ ነው። ግን ልክ አይደለም።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1973 በጄኔራል ፒኖቼ የሚመራው ጦር መንግሥት ለመገልበጥ ላ ሞኔዳ የተባለውን ቤተ መንግሥት ከበበ። አየንዴ በአውሮፕላን ከአገር እንዲወጡ ተነገራቸው። እምቢ አሉ። በሬዲዮ ሕዝባቸውን ተሰናበቱ። ከዚያ ጄቶች ቤተ መንግሥቱን በቦምብ ደበደቡት። ወታደሮቹ ሲገቡ አየንዴ አብረዋቸው የነበሩትን እጅ እንዲሰጡ አዘዙ። እሳቸው ግን ወደ አንድ ክፍል ገብተው የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ በስጦታ በሰጧቸው ክላሽ ራሳቸውን አጠፉ። ከሐኪሞቻቸው አንዱ ይህንኑ መስክረዋል።

ታዲያ ለምን አልታመነም? ራሳቸውን አጠፉ የሚለውን ወሬ መጀመሪያ ያወጣው ራሱ ጁንታው፣ ማለትም ሥልጣን የያዘው የጦር መኮንኖች ቡድን ነበራ! አስከሬኑንም በጥድፊያ፣ ያለ ሥርዓት ቀበሩት። ካስትሮም «ሲዋጉ ወደቁ» አሉ። ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 ግን አስከሬኑ ወጥቶ የቺሊና የውጭ አገር ባለሙያዎች መረመሩት። ራሳቸውን ማጥፋታቸው ተረጋገጠ። ቤተሰባቸውም ተቀበለው።

ይህን የምልህ ጦሩን ነፃ ለማውጣት አይደለም። አየንዴ እ.ኤ.አ. በ1970 በምርጫ አሸንፈው፣ በምክር ቤቱ ድምፅ የጸደቁ ፕሬዚዳንት ነበሩ። ከላ ሞኔዳ ተይዘው የተወሰዱ ብዙ አማካሪዎችና ጠባቂዎች ደግሞ በእርግጥም ተረሽነዋል። ዘፋኙ ቪክቶር ሃራም በዚያው ሳምንት በወታደሮች ተገድሏል።