የኔ ግቢ ደረቀ፣ የእማማ ቤት ሞላ

ዘንድሮ ክረምቱ አሰልችቶናል። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" የሚባለው እኛ ሰፈር አልሰራም፣ እንደውም ከቡሄ ወዲህ ነው በረዶ እየቀላቀለ የባሰበት። የምኖረው አዲስ አበባ ደቡብ ጫፍ፣ አቃቂ በኩል፣ ከቱሉ ዲምቱ ወረድ ብሎ ነው፣ አስፋልት ጋ ለመድረስ ሩብ ሰዓት በጭቃ ነው የሚኬደው፣ ስለዚህ ሁሉም ሰው ሁለት ጫማ ይዞ ይወጣል፣ ቦቲውን አስፋልቱ ዳር ሱቅ አስቀምጦ ንጹሑን አድርጎ ታክሲ ሰልፍ ይገባል። ባለሱቋ ቦቲ ለማስቀመጥ 5 ብር ማስከፈል ጀምራለች፣ ይገባታል። ባጃጅማ ደመና ሲያይ ወደ ሰፈራችን አይታጠፍም። መብራቱም ነጎድጓድ ሲሰማ ቀድሞ ይሄዳል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ግድግዳው ሻጋታ አውጥቷል።

ሰው ሲገናኝ ወሬው "ዝናቡ በዛ" ነው። በዝቷል፣ አልክድም። ክረምት እንደሁ ከዓመት ዓመት መለያየቱ የታወቀ ነው፣ ኤልኒኖ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውኃ ሲሞቅ) ሲመጣ እንደ 2007 ዓ.ም. ዝናቡ ሊያንስ ይችላል፣ ላኒና (ውቅያኖሱ ሲቀዘቅዝ) ሲሆን ደግሞ ብዙ ጊዜ ይበረታል። ግን እኔ ዘንድሮ ቤቴ ቁጭ ብዬ ውኃውን ሳየው የገባኝ ነገር ሌላ ነው፣ ቤታችን የሚገባው ከሰማይ የወረደው ሳይሆን ከጎረቤት የተላከው ነው።

እስቲ ላስረዳ። አዲስ አበባ ተዳፋት ናት፣ እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ አቃቂ ስትደርስ ወደ 2,100 ገደማ። የላይኛው ውኃ ሁሉ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ወንዝ ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል ከዛ ወደ አዋሽ ይሄዳል። እኛ ታችኞቹ ነን። ከላይ ያለው ሜዳ ቆርቆሮና አስፋልት በሆነ ቁጥር መሬት የሚጠጣው ይቀንስና ለኛ የሚደርሰው በአንዴ ይመጣል። አፈራችን ደግሞ ዋልካ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፣ አንዴ ከጠጣ አብጦ ይዘጋል ሌላ ጠብታ አያሳልፍም፣ በጋ ላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሆናል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቤት ስትሰራ ምን ታደርጋለህ? ገረጋንቲ (ለመሙያ የሚሆን ጠጠራማ አፈር) በሲኖ ትራክ አስገልብጠህ ግቢህን ከፍ ታደርጋለህ። ጎረቤትህ ውኃ ሲገባበት እሱም ከፍ ያደርጋል፣ ካንተ ትንሽ አስበልጦ። ከዛ መንገድ ይሰራል ተብሎ ጠጠር ይደፋና መንገዱ ከሁላችንም ይበልጣል፣ ዲች (የውኃ መውረጃ ቦይ) ግን የለውም፣ ወይም አለውና የሚያልቀው አንድ ሰው አጥር ስር ነው። ወለልህ ከመንገዱ ስንት ይበልጣል ስንት ያንሳል ብሎ የጠየቀን ሰው የለም። ሁሉም በየግሉ ከፍ፣ ከፍ። አቅም ያጣው ሰው ሳይነቃነቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ይሆናል።

እኔም አድርጌዋለሁ። አምና ሁለት ሲኖ አስደፍቼ ግቢዬን ግማሽ ሜትር ከፍ አደረግኩ፣ በሩ ላይም ሲሚንቶ ደረጃ። ዘንድሮ አንድ ጠብታ አልገባም፣ ደስ ብሎኝ ሚስቴን ቪዲዮ ሁሉ አንስቼ አሳየኋት። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ዶፍ ወርዶ ጠዋት ስወጣ ከጀርባችን ያሉት እማማ ፍራሻቸውን አጥሩ ላይ ሰቅለው በጆግ ውኃ እየቀዱ ወደ ውጪ ይደፋሉ። "እማማ ምነው ባይጠሩኝ?" አልኩኝ። ቀና ብለው አዩኝና "ኧረ ልጄ አንተማ ማታውኑ ልከህልኛል" አሉ። ስቀው ነው ያሉት። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በነሐሴ 2013 አዲስ አበባ ውስጥ ጎርፍ የ7 ሰው ሕይወት ሲወስድ ወሬው ሁሉ ስለ ወንዝ ዳር ነበር፣ ልክም ነው። ግን እኛ ጋ ወንዝ የለም እኮ፣ ወንዙን የሰራነው እኛ ነን በገረጋንቲ። ስለዚህ አስፋልት አስፋልት ከማለታችን በፊት ውኃው በየት ያልፋል የሚለውን ብንጠይቅ፣ የሰፈር ኮሚቴውም ለመንገድ ብር ሲሰበስብ መጀመሪያ ለቱቦ ቢያደርገው ባይ ነኝ። አስፋልቱ ቀድሞ ከመጣ ከፍታው ይቆለፋል፣ ከዛ በኋላ መቆፈር ማለት ሰማይን መቧጠጥ ነው።

ባለፈው እሁድ በኔ ግቢ ጥግ አልፎ በእማማ አጥር ወደ ታችኛው ቦይ የሚወርድ ቱቦ እንቅበር ብለን ስድስት ቤት ተሰብስበን ነበር። አምስታችን ተስማማን፣ ብርም አዋጣን። ስድስተኛው ሰውዬ "የኔ ግቢ ውኃ አይገባም፣ ምን አገባኝ" ብሎ ሄደ። ቱቦው ደግሞ ማለፍ ያለበት በሱ በር ነው።