ሁለቱም ድስት ይጣድ

ባለፈው ግንቦት ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ከጎኔ የሰፈራችን ሐጂ ተቀምጠዋል። የእኔ ሳህን ላይ ቀይ ወጥና ጥብስ፣ የእሳቸው ላይ ሽሮና ጎመን።

«ሐጂ፣ ይብሉ እንጂ፣ በሞቴ!» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤያለሁ» አሉኝ። እንጀራው ገና ከዳሩ እንኳ አልተቆረሰም።

የደሴ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለሌላው ልንገረው። እኛ ጋ ክርስቲያኑ በስመ አብ ተብሎ የታረደውን፣ ሙስሊሙ ደግሞ ቢስሚላሂ የተባለበትን ነው የሚበላው። ስለዚህ ድግስ ሲኖር ሁለት ይታረዳል፣ ሁለት ድስት ይጣዳል። ደጋሹ የሌላውን ወገን ከብትና ቅቤ ለዚያ እምነት ጎረቤቱ ያስረክባል። አራጁም ወጥ ሠሪዋም ከዚያው ወገን ናቸው።

አሁን አሁን ግን አንድ አርዶ «ለሌሎቹ የጾም ይቅረብላቸው» የሚል ደጋሽ እያየሁ ነው። የከብት ዋጋ የት እንደደረሰ ስለማውቅ ብዙም አልፈርድበትም። ሽሮውም ምንም አልጎደለው። ሐጂ ቤታቸው ሽሮ ጥርግ አድርገው ሲበሉ አይቻለሁ። ግን አጠገብህ ያለው ሰው ጥብስ ሲያነሳ ላንተ ማብቃቂያ ከቀረበልህ ጉሮሮህ ይዘጋል። በአማርኛ የሚርበውም የሚብሰውም ያው ሆድ ነው።

ይህን የወሎው ንጉሥ ሚካኤል በደንብ ያውቁት የነበረ ይመስለኛል። መሐመድ አሊ ተብለው አድገው፣ ክርስትና የተነሱት ዐፄ ዮሐንስ ስለ ሃይማኖት ከጠሩት ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ወዲህ ነው። የሁለቱንም ገበታ ቀምሰዋል። እዚሁ ደሴ ግብር ያበሉበት የነበረው አዳራሽ ስሙ «አይጠየፍ» ነው። መጪውን ሁሉ ይቀበላል ማለት ነው። ዛሬ በአጠገቡ ስናልፍ ስሙን እንጠራለን፣ ትርጉሙን ግን ልብ የምንለው አይመስለኝም።

የገንዘቡ ነገር መላ አያጣም። በሬው ይቅርና አንድ በግ ወዲህ፣ አንድ ፍየል ወዲያ ይታረድ። ሥጋው ያንሳል፤ ይነስ! ለቪዲዮና ለሊሞዚን የሚወጣው ብር ላይ እኮ ማንም አይከራከርም።

የእህቴ ሰርግ ለጥር ነው። ትናንት ፍየል እየጎተትኩ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ወገቡን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

«ይሄማ ገና መቀለብ አለበት» አሉ። «ተወው፣ እኔ ጋ ይቆይ።»